አንድ ጋዜጣ፣ ብዙ እጅ

ጊዜው 1996 ዓ.ም. ነው። በአካውንቲንግ ተመርቄ ሥራ እፈልጋለሁ። ረቡዕ ረቡዕ ጠዋት ከቤት ወጥቼ በቀጥታ የማመራው ወደ አራት ኪሎ ነበር፤ ጋዜጣ ልከራይ። የዛሬ ወጣቶች “ጋዜጣ ደግሞ ይከራያል እንዴ?” ትሉ ይሆናል። ይከራይ ነበር። አከራዩ መሬት ላይ በተነጠፈ ላስቲክ ጋዜጦቹን ይደረድራል፤ ነፋስ እንዳይወስዳቸው በየላያቸው ጠጠር ይጭንባቸዋል። እኛ ሳንቲም እንከፍልና ድንጋይ ላይ ወይም የመንገዱ ጠርዝ ላይ ቁጭ ብለን እናነባለን። ግማሽ ሰዓት ካለፈ ይጨመርብናል። አከራዩ የእጅ ሰዓት አልነበረውም፤ ግን ተሳስቶ አያውቅም።

ከአጠገቤ ብዙ ጊዜ የሚቀመጡ አንድ ጡረተኛ ነበሩ። ሁላችንም “ጋሼ” ነው የምንላቸው፤ ስማቸውን እስከ ዛሬ አላውቅም። እሳቸው ፖለቲካውን፣ እኛ ሥራ ፈላጊዎቹ ክፍት የሥራ ቦታውን ነበር የምንፈልገው። አንድ ረቡዕ ከመነጽራቸው በላይ አየት አደረጉኝና “አንተ ልጅ፣ አካውንቲንግ ነው ያልከኝ? ይኸውልህ፣ ጀርባው ላይ አለ” አሉኝ። እኔ የተከራየሁት ሌላ ጋዜጣ ነበር። መጀመሪያ የተቀጠርኩበትን መሥሪያ ቤት ያገኘሁት በዚያች ገጽ ነው።

አሳታሚዎች ይህን ንግድ አይወዱትም ነበር፤ ሊፈረድባቸውም አይገባም። አንዱን ቅጂ ሃያ ሰው ካነበበው አሥራ ዘጠኙ አልገዛም ማለት ነው። ሲመሽ ደግሞ ያው ጋዜጣ “አልተሸጠም” ተብሎ ይመለስልናል እያሉ ያማርሩ ነበር። ይሁን እንጂ በእኛ አገር ጋዜጣ ከጥንትም የአንድ ሰው ንብረት ሆኖ አያውቅም። በአፄ ምኒልክ ዘመን የተጀመረው “አእምሮ” መጀመሪያ ላይ በእጅ እየተጻፈ በ24 ቅጂ ይወጣ እንደነበር የፕሬስ ታሪክ ጸሐፊዎች ይነግሩናል። 24 ቅጂ ለአንድ ከተማ ምን ያህል እንደሚበቃ እናንተው ገምቱ።

እኔ ያደግኩበት ቤት ደግሞ የጭቃ ግድግዳው በ“አዲስ ዘመን” የተለበጠ ነበር። እናቴ በዱቄት ማጣበቂያ ነበር የምትለጥፈው፤ ለብርድም ለውበትም ይሆናል። ፊደል ከቆጠርኩ በኋላ ማንበብ የተለማመድኩት በዚያ ግድግዳ ላይ ነው። አንዳንዱ ገጽ ተዘቅዝቆ ስለተለጠፈ አልጋ ላይ በጀርባዬ ተኝቼ፣ አንገቴን ቁልቁል ለቅቄ አነብ ነበር። አንድ የእግር ኳስ ጨዋታ ውጤቱ በሳጥን ተሸፍኖ ስለነበር ማን እንዳሸነፈ ያወቅሁት ቤት ስንቀይር ነው።

አሁን ያ ድንጋይ የለም። የአራት ኪሎ መንገድ በኮሪደር ልማት መልኩን ቀይሯል፤ ባይቀይርም ኖሮ የሚከራይ አይገኝም። ባለፈው ዓመት የተመረቀችው የእህቴ ልጅ በሕይወቷ አንድም ጋዜጣ ገዝታ አታውቅም። የሥራ ማስታወቂያ በቴሌግራም ይመጣላታል፤ በቀን መቶ ቢመጣ አይገርማትም። ቤት ቁጭ ብላ፣ ያለ ታክሲ ወጪ፣ የሐዋሳውንም የመቀሌውንም ታያለች። በእኔ ጊዜ ይህ ሕልም ነበር። ስለዚህ የድሮውን እያነሳሁ የአሁኑን ልራገም አልመጣሁም።

ግን አንድ ማታ የሆነውን ልንገራችሁ። ልጅቷ “ለምዝገባ” ተብላ 1,500 ብር በስልኳ ላከች። በማግስቱ ማስታወቂያው ተሰርዟል፤ የለጠፈውም የለም። ማን ዘንድ ይኬዳል? ማስታወቂያውን ያየችው እሷ ብቻ፣ ማታ፣ አልጋዋ ላይ ሆና ነው። አጠገቧ “ልጄ፣ ይሄ ነገር አላማረኝም” የሚል ጋሼ አልነበረም።

በጋዜጣ የወጣ ሁሉ እውነት ነበር አልልም፤ ስንት ጉድ አንብበናል። ነገር ግን ጋዜጣው ላይ የአሳታሚው፣ የዋና አዘጋጁና የማተሚያ ቤቱ ስምና አድራሻ ይጻፋል። የተበደለ ሰው ጋዜጣውን ጠቅልሎ በብብቱ ይዞ በሩን ማንኳኳት ይችላል። የታተመውን ቃል ደግሞ ሌሊት ተነስቶ ማንም አይሰርዘውም።

ታዲያ ወረቀቱ ለምን ከእጃችን እየወጣ ነው? አንባቢው ስልክ ላይ መሆኑ አንድ ነገር ነው። ሌላው ገንዘብ ነው። የጋዜጣ ወረቀት ከውጭ የሚገባ በመሆኑ ዶላር በተወደደ ቁጥር ይወደዳል፤ ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ደግሞ ጉዳዩን ማብራራት አያስፈልግም። ጋዜጣ አዟሪው ከሚሸጠው ዋጋ ብቻ የማተሚያ ወጪውን መሸፈን ቀድሞም ከባድ ነበር። ጋዜጦችን አቁመው ያቆዩዋቸው ብዙዎቻችን ሳናነብ የምናልፋቸው ገጾች ናቸው፤ ጨረታ፣ የሐራጅ ሽያጭ፣ የፍርድ ቤት ጥሪ። አሁን የመንግሥት ግዥ ወደ ኤሌክትሮኒክ ሥርዓት እየገባ ነው። ለግልጽነቱ ጥሩ ነው፤ ለጋዜጦች ግን ከእግራቸው ሥር ምንጣፍ እንደመሳብ ነው።

ይህ የእኛ ብቻ ችግር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1703 ቪየና ውስጥ የተመሠረተው “ቪነር ሳይቱንግ” ከዓለም አንጋፋ ጋዜጦች አንዱ ነበር። ኩባንያዎች ማስታወቂያቸውን በእሱ ላይ የማውጣት ግዴታ ነበረባቸው። የኦስትሪያ ሕግ ያንን ግዴታ ሲያነሳ ገቢው ደረቀ፤ በ2023 ሰኔ 30 የመጨረሻውን ዕለታዊ የወረቀት እትሙን አወጣ። ከዚያ ወዲህ ያለው በዋናነት በኢንተርኔት ነው። ንጉሥ ወርዶ፣ ሁለት የዓለም ጦርነት አልፎ የቆየን ጋዜጣ የአንድ አንቀጽ ለውጥ ከወረቀት አወረደው።

የዕለት ዜናን በወረቀት የመከታተል ነገር እንዳበቃ እኔም አምናለሁ። ጠዋት የሚታተም ዜና ማታ በፌስቡክ ተብላልቶ ያደረ ነው። የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። ወመዘክር ወይም ስድስት ኪሎ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሄዳችሁ የቆዩ ጋዜጦች ብትጠይቁ ጥራዝ ይቀርብላችኋል። ከ1985ቱ የፕሬስ አዋጅ በኋላ ፈልተው የጠፉት ጋዜጦች፣ ከ1997ቱ ምርጫ በኋላ የተዘጉትም ጭምር፣ ስድባቸውም እውነታቸውም እንዳለ አለ። ባለቤቱ ቢሰደድም፣ ቢሞትም፣ ሐሳቡን ቢቀይርም ጥራዙ አይለወጥም። የዛሬ ሃያ ዓመት አንድ ተማሪ ዘንድሮ ምን ስንባባል እንደነበር ለማወቅ ቢፈልግ የትኛውን ቻናል ከፍቶ ያገኘዋል?

አባቴ ሰማንያ ዓመት አልፎታል። ቅዳሜ ቅዳሜ ጋዜጣ ያመጣለት የነበረው አዟሪ ወደ ሰፈራችን መምጣት ካቆመ ቆየ። ዓይኑም ደክሟል። አሁን የእህቴ ልጅ የጋዜጣውን ፒዲኤፍ በስልኳ ታወርድና ፊደሉን አተልቃ ቡና እስኪፈላ ታነብለታለች። ደስ ይለዋል፤ እሷም ሳታስበው የጋዜጣ አንባቢ ሆናለች።

ባለፈው ቅዳሜ የፊት ገጹን አንብባ ስትጨርስ እንደ ልማዱ እጁን ዘረጋ። “እስቲ ገልብጪው፣ ጀርባው ላይ ምን አለ?”

“አባባ፣ ይሄ ጀርባ የለውም እኮ” አለችውና ስቃ ቀጣዩን ገጽ በጣቷ ወደ ላይ ገፋችለት።