የአልዌሮ ሙላት የማን ነው?

«ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ» ይባላል። በጋምቤላ ክልል በአቦቦ ወረዳ ለሚኖረው ገበሬ የነገሩ ሥር የአልዌሮ ወንዝ ነው።

አልዌሮ በክረምት ሞልቶ ዳርቻውን ያጥለቀልቃል። ውኃው ሲሸሽ ለም ደለልና እርጥበት ትቶ ይሄዳል። የአኝዋክ ገበሬ በዚህ እርጥበት ላይ በቆሎና ማሽላ ይዘራል። ዓሣም በተጥለቀለቀው ሜዳ ይራባል። በመሆኑም ሙላቱ ለወንዙ ዳር ነዋሪ ማሳም ጎተራም ነው።

በደርግ ዘመን በሶቪየት ኅብረት እርዳታ በአልዌሮ ላይ የግድብ ሥራ ተጀመረ። ዓላማው 10 ሺህ ሄክታር ያህል መሬት በመስኖ ማልማት ነበር። ግድቡ ቢጠናቀቅም መስኖው ለብዙ ዓመታት በታሰበው መጠን አልተስፋፋም። በ2000ዎቹ መጀመሪያ ሳውዲ ስታር የተባለው ኩባንያ በወረዳው 10 ሺህ ሄክታር መሬት ለሩዝ እርሻ ሲከራይ፣ የግድቡን ውኃ ለመጠቀም ቦይ ማስቆፈር ያዘ። የወንዙ ውኃ ለማን ይደርሳል የሚለው ጥያቄም በአካባቢው ነዋሪዎችና በአገር ውስጥና በውጭ ባሉ ተሟጋቾች ዘንድ ጎልቶ ተነሣ።

ጥያቄው መስኖን መጥላት አይደለም። ሩዝ ብዙ ውኃ ይጠጣል። ሙላቱ ከግድቡ በላይ ከቀረ ግን ከግድቡ በታች ያለው ዳርቻ ደለሉንም እርጥበቱንም ያጣል። ከማሳ ታጥቦ የሚመለስ የተባይ መድኃኒትም ዓሣውን ይጎዳል። በላይኛው ተፋሰስ ደን ሲመነጠር ደግሞ አፈሩ ታጥቦ ግድቡን ራሱን ይሞላዋል። ስለዚህ ወንዙን መጠበቅ ግድቡንም መጠበቅ ነው።

ሕጉም ለገበሬው መነሻ ይሰጣል። የኢትዮጵያ የውኃ ሀብት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 197/1992 ለቤት ውስጥ ፍጆታ የሚውል ውኃ ከሌላው አገልግሎት ሁሉ እንዲቀድም ደንግጓል። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 92 ደግሞ ሕዝብ በቀጥታ በሚነኩት የአካባቢ ፖሊሲዎችና ፕሮግራሞች ላይ የመመካከርና ሐሳቡን የመግለጽ መብት እንዳለው ይናገራል።

ሆኖም መብት በቃል ብቻ ሲነገር ከስብሰባ አዳራሽ አያልፍም። የገበሬ ማኅበር መሪዎች በወንዙ ዳር ምልክት ያለው እንጨት ተክለው የውኃውን ከፍታ በየወሩ ሊመዘግቡ ይችላሉ። ሙላቱ የመጣበትና የሸሸበት ቀን፣ የተዘራው ማሳ ስፋት፣ ዓሣ የሞተበት ቦታና ጊዜ በቃለ ጉባኤ ይያዝ። ዳርቻውን ከምንጣሮ የሚጠብቅ ኮሚቴም ከሴቶች፣ ከዓሣ አጥማጆችና ከወጣቶች ይመረጥ። ይህ መዝገብ ለወረዳው ሲቀርብ የክርክሩ መነሻ ወሬ ሳይሆን ማስረጃ ይሆናል።

ጊዜው ደግሞ ከሙላቱ በፊት ነው። ውኃው ከቀረ በኋላ የሚጻፍ አቤቱታ የዓመቱን ዘር አያበቅልም።