ባለ ሁለት ሰከንዷ መኪና፦ ተረትና እውነታ

ኮልፌ ቀራኒዮ ቁልቁለት አያጣም፤ የእንጨት መኪና የሚሠራ ልጅም እንደዚሁ። ጣውላ ይቆረጣል፣ ምስማር አክሰል፣ የጀሪካን ክዳን ደግሞ ጎማ ይሆናል፤ ከዚያ ከተዘነበለ ሳንቃ ላይ መልቀቅ ነው። የሚነዳት የመሬት ስበት ብቻ ነው። ጭቅጭቁ የሚመጣው ስልክ ወጥቶ ሰዓት መያዝ ሲጀመር ነው።

ተረት፦ ያነሰ ሰከንድ የፈጀችው መኪና ትበልጣለች።

እውነታ፦ ሁለቱም በአንድ ሳንቃ ላይ ከወረዱ ልክ ነው። ሳንቃው ከተለያየ ግን ሰከንዱ ከመኪናዋ ይልቅ ስለ ሳንቃው ሊናገር ይችላል። የአየር ጤናው ልጅ ሳንቃ 4 ሜትር፣ የዊንጌቷ ልጅ 8 ሜትር ይሁን እንበል፤ የሁለቱም ጫፍ 1 ሜትር ከፍ ብሏል። ፍትጊያ የሚባል ነገር ባይኖር የመጀመሪያው 1.81፣ ሁለተኛው 3.61 ሰከንድ ይፈጃል። ስሌቱ የሁለተኛ ደረጃ ፊዚክስ ነው፦ የሳንቃውን ርዝመት በራሱ አባዙ፣ እጥፍ አድርጉት፣ ከፍታው በ9.8 ተባዝቶ ለሚወጣው አካፍሉ፣ ስኩዌር ሩቱን አውጡ።

አሁን የእሱ መኪና በ2.0፣ የእሷ በ3.9 ሰከንድ ገባች። «የኔ ሁለት ሰከንድ ናት!» ብሎ ቢጨፍር አይፈረድበትም። ነገር ግን የስሌቱን ሰዓት ለተያዘው ሰዓት ስናካፍል የእሱ 90፣ የእሷ 93 ከመቶ ይመጣል። ለዘብ ያለ ቁልቁለት ላይ ፍትጊያ ይበልጥ እንደሚጎትት ስናስብ ደግሞ የእሷ ሥራ የበለጠ ያስመሰግናል።

ተረት፦ ርዝመቱን ለሰከንዱ አካፍሎ ፍጥነቱን ማወዳደር ይበቃል።

እውነታ፦ የሚበቃው ከፍታው እኩል ሲሆን ነው። ከ1 ሜትር ከፍታ የተለቀቀች መኪና ቢበዛ በሰዓት 16 ኪሎ ሜትር፣ ከ4 ሜትር የተለቀቀች 32 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ይዛ ትደርሳለች። ከፍታው አራት እጥፍ ሆኖ ፍጥነቱ እጥፍ ብቻ!

ተረት፦ ከባድ መኪና ይፈጥናል።

እውነታ፦ ስበት ለከባዱም ለቀላሉም እኩል ነው፤ ጋሊሊዮ ይህን በተዘነበለ ሳንቃ ላይ ኳስ እያንከባለለ አጥንቶታል። ተረቱ ግን ከሜዳ አልመጣም። ከባድ አካል ያላትን መኪና አየር ብዙም አያስቸግራትም። በአሜሪካ የስካውት ልጆች በ1953 እ.ኤ.አ. የጀመሩት የእንጨት መኪና ውድድር የክብደት ጣሪያ አለው፣ 142 ግራም ያህል፤ ተወዳዳሪ ሁሉ እዚያው ጣሪያ ላይ ለመድረስ ይሞክራል። ክብደቱ ጎማ ላይ ሲሆን ግን ነገሩ ይገለበጣል፤ ከስበት የተገኘው ጉልበት ጎማ በማሽከርከር ያልቃል። 1 ኪሎ በምትመዝን መኪና ግማሽ ኪሎው ድፍን የእንጨት ጎማ ከሆነ፣ በዚህ ብቻ ሰዓቱ በ12 ከመቶ ያህል ይረዝማል።

ተረት፦ ግራሶ ሲበዛ ይሮጣል።

እውነታ፦ ለጭነት መኪና ይሆናል። ለትንሽ ጎማ ወፍራም ግራሶ ማነቆ ነው፤ የተፈጨ የመጻፊያ እርሳስ ብናኝ ይሻላል።

ተረት፦ ስልኩ 2.00 ብሏል፣ በቃ።

እውነታ፦ ስልኩ አልተሳሳተም፣ ጣት ግን ይዘገያል ወይም ይቸኩላል። ኃይሌ ገብረሥላሴ በመስከረም 1993 ዓ.ም. ሲድኒ ላይ ፖል ቴርጋትን በ10,000 ሜትር የቀደመው በ0.09 ሰከንድ ነው፤ ያንን የለየው የኤሌክትሮኒክስ ሰዓት እንጂ የሰው ጣት አይደለም። ከላይ ያልነው የ90 እና 93 ልዩነትም በጣት የተያዘ ሰዓት ከሆነ ዋጋ የለውም፦ የልጁ ሰዓት 0.1 ሰከንድ ተሳስቶ እውነተኛው 1.9 ከነበረ፣ 90ው 95 ይሆንና አሸናፊው ይቀየራል። በሰከንድ 240 ምስል በሚያነሳ ስልክ መነሻውንና መድረሻውን ቀርጾ ምስሎቹን መቁጠር ስህተቱን ወደ ሺኛ ሰከንዶች ያወርደዋል። እንዲህ ያለ ስልክ ከሌለ መኪኖቹን በአንድ ሳንቃ ላይ ጎን ለጎን መልቀቅ ነው፤ ቦታ እያቀያየሩ፣ ደጋግመው።