የመኖሪያ ቤት ፕላንና የቤተሰብ ጤና

አዲስ ቤት ለመሥራት የተነሣ ቤተሰብ አስቀድሞ የሚያማክረው መሐንዲሱንና ግንበኛውን ነው። የጤና ባለሙያውን የሚያገኘው ግን ብዙውን ጊዜ ቤቱ አልቆ ከተገባበት በኋላ፣ ሕፃኑ በሳንባ ምች ሲታመም ወይም እናቲቱ በማያቋርጥ ሳል ስትመጣ ነው። በዚያን ጊዜ መስኮት ማስከፈት፣ ግድግዳ ማፍረስ ወይም ማድቤት ማዛወር ከባድ ወጪ ይጠይቃል። ፕላኑ ገና በወረቀት ላይ ሳለ ግን ይህ ሁሉ በእርሳስና በላጲስ የሚስተካከል ነው።

ፍሎረንስ ናይቲንጌል ስለ ነርስነት እ.ኤ.አ. በ1859 ባወጣችው መጽሐፍ ለቤት ጤንነት አስፈላጊ ናቸው ያለቻቸው ነጥቦች አምስት ናቸው፤ እነዚህም ንጹሕ አየር፣ ንጹሕ ውኃ፣ የፍሳሽ ማስወገጃ፣ ንጽሕናና ብርሃን ናቸው። ከአምስቱ ውስጥ ቤተሰቡ ከገባ በኋላ በየዕለቱ ሊያሻሽለው የሚችለው በአብዛኛው ንጽሕናን ነው። የቀሩት አራቱ በፕላኑ ይወሰናሉ።

ክፍሎችን በሰዓት መመዘን

በብዙ የከተማ ቤቶች ፕላን ሲነደፍ ቅድሚያ የሚሰጠው ለሳሎን ነው። ሰፊው ቦታ፣ ትልቁ መስኮትና የተሻለው ብርሃን ለእንግዳ መቀበያ ይሰጥና መኝታ ቤቶችና ማድቤት በተረፈው ቦታ ይሸነሸናሉ። እንግዳን ማክበር የተወደደ ባህል ነው፤ ሆኖም እንግዳ የሚቀመጠው ለጥቂት ሰዓት ነው። ቤተሰቡ በየሌሊቱ ሰባትና ስምንት ሰዓት የሚተነፍሰው የመኝታ ቤቱን አየር ሲሆን እናቲቱና ያዘለችው ሕፃን ደግሞ የቀኑን ረጅም ክፍል በማድቤት ያሳልፋሉ። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ክፍል የሚሰጠው አየርና ብርሃን ሰው በውስጡ በሚቆይበት ሰዓት ልክ ሊመዘን ይገባል።

ማድቤት

የዓለም ጤና ድርጅት ግምት እንደሚያሳየው እ.ኤ.አ. በ2020 በቤት ውስጥ የአየር ብክለት ምክንያት በዓለም ዙሪያ 3.2 ሚሊዮን ያህል ሰዎች ሞተዋል፤ ከነዚህም ከ237,000 በላይ የሚሆኑት ከአምስት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናት ናቸው። ማድቤትን ከዋናው ቤት ለይቶ መሥራት በኢትዮጵያ የቆየ ልማድ ነው፤ ከጤና አንጻርም የሚደገፍ ነው። ችግር የሚፈጠረው ቦታ ሲጠብ ማድቤቱ ከመኝታ ቤት ጋር በአንድ ጣሪያ ሥር ሲጣበቅና ጭሱ በኮርኒስ ክፍተት ወደ ውስጥ ሲገባ ነው።

ፕላኑ የአካባቢውን ነፋስ አቅጣጫ ተመልክቶ ማድቤቱን ነፋሱ ከቤቱ በሚርቅበት በኩል ሊያደርገው ይገባል። ጭስ ወደ ላይ ስለሚወጣ ከጣሪያው ሥር መውጫ ወይም የጭስ ማውጫ ቱቦ፣ ዝቅ ብሎም ንጹሕ አየር የሚያስገባ ክፍተት ያስፈልገዋል። ምድጃው ከወለል ከፍ ቢል ሕፃናትን ከቃጠሎ ይጠብቃል። የኤሌክትሪክ ምጣድ ያለው ቤትም መብራት ሲጠፋ ወደ እንጨትና ከሰል ስለሚመለስ ይህ ዝግጅት ሊቀርበት አይገባም። በተዘጋ ክፍል የሚነድ ከሰል የሚያመነጨው ካርቦን ሞኖክሳይድ ከሄሞግሎቢን ጋር የመጣመር ኃይሉ ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በላይ ስለሚበልጥ፣ ሽታም ስለሌለው የተኙትን ሳያነቃ ሊገድል ይችላል።

መኝታ ቤት

አንድ መስኮት ብቻ ያለው ክፍል ቢከፈትም አየሩ በሚገባ አይለዋወጥም። በሁለት ግድግዳዎች፣ በተለይም ትይዩ በሆኑት ላይ መክፈቻ ሲኖር አየር በአንዱ ገብቶ በሌላው ይወጣል። በፔሩ ዋና ከተማ በሊማ ሆስፒታሎች የተደረገና እ.ኤ.አ. በ2007 የታተመ ጥናት፣ መስኮትና በር ሲከፈት የክፍሎቹ አየር በሰዓት በአማካይ 28 ጊዜ እንደሚለወጥ፣ በማሽን አየር በሚያገኙት ክፍሎች ግን 12 ጊዜ ብቻ እንደሚለወጥ ገምቷል። ከፍ ያለ ጣሪያና ትልልቅ መስኮት ያላቸው የቀድሞ ሕንጻዎች ከአዲሶቹ የተሻሉ ሆነው ተገኝተዋል። ጥናቱ የሆስፒታል ክፍሎችን የተመለከተ ቢሆንም የሳንባ ነቀርሳ ታማሚ ላለበት ቤት ትምህርት ይሰጣል።

ብዙ ቤተሰቦች ሌባንና ብርድን ፈርተው መስኮት ዘግተው ያድራሉ። ስለዚህ የብረት ፍርግርግና ከኮርኒስ ሥር ያለች ትንሽ የላይ መስኮት ገና ከፕላኑ ቢታሰቡ በሌሊትም አየር ማስገባት ይቻላል።

ትንኝና ውኃ

ወባ ባለባቸው አካባቢዎች የመስኮትና የበር ወንፊት የፕላኑ አካል መሆን አለበት። በጋምቢያ ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2009 በታተመ ጥናት ወንፊት ባልተደረገላቸው ቤቶች ከተመረመሩት ሕፃናት 19 በመቶ ደም ማነስ ሲገኝባቸው ሙሉ ወንፊት በተደረገላቸው ቤቶች ግን 12 በመቶ ሆኗል።

ለከተሞች የተለየ ስጋት የሆነው አኖፊለስ ስቴፈንሲ የተባለው ትንኝ በኢትዮጵያ መጀመሪያ የታየው እ.ኤ.አ. በ2016 በቀብሪ ደሃር ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2022 በድሬዳዋ ከተከሰተው የወባ ወረርሽኝም ጋር ተያይዟል። ይህ ትንኝ በውኃ ማጠራቀሚያዎች ውስጥ ስለሚራባ ታንከሩ ጥብቅ ክዳን ሊኖረው፣ ለግንባታ የተቆፈረው የውኃ ጉድጓድም ሥራው እንዳለቀ ሊደፈን ይገባል።

ሽንት ቤት

የጉድጓድ ሽንት ቤት ከውኃ ጉድጓድ ቢያንስ 30 ሜትር እንዲርቅ፣ ከእርሱም በታች በኩል እንዲሆን ይመከራል፤ የጉድጓዱ ወለልም ከከርሰ ምድር ውኃው 1.5 ሜትር ከፍ ማለት አለበት። ግቢው ይህን ርቀት የማይፈቅድ ከሆነ የመጠጥ ውኃ ጉድጓድ በዚያ ግቢ ባይቆፈር ይሻላል። የእጅ መታጠቢያው በሽንት ቤቱ በር አጠገብ፣ የፍሳሽ ማንሻ መኪና መግቢያም በፕላኑ ላይ ይመልከት። አረጋውያን ያሉበት ቤተሰብ ፎቅ የሚሠራ ከሆነ አንድ መኝታ ቤትና ሽንት ቤት በምድር ቤት ቢያደርግ የመውደቅ አደጋን ይቀንሳል።

የጤና ባለሙያው ድርሻ

እ.ኤ.አ. በ2003 የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም የቤትና የአካባቢ ጤና አጠባበቅን ከመሠረታዊ ተግባሮቹ መካከል አድርጎታል። ቤት ለቤት የሚዘዋወር ባለሙያ በአንድ ግቢ ድንጋይና አሸዋ ተቆልሎ ሲያይ ምክር የሚሰጥበት ምቹ ጊዜ መድረሱን ሊገነዘብ ይገባል። የምሕንድስና ዕውቀት አይጠየቅበትም። ፕላኑ ተዘርግቶ ሳለ የሚከተሉትን ጥያቄዎች ማንሣት ይበቃል፦ ጭሱ በየት ይወጣል? ከእያንዳንዱ መኝታ ቤት አየር በየት ገብቶ በየት ይወጣል? በሌሊትስ መስኮቱ ሳይዘጋ ማደር ይቻላል? ውኃው የት ይጠራቀማል፣ በምንስ ይከደናል? እናቲቱ በምትሠራበት ሰዓት ሕፃኑ የት ይሆናል?