ሳሎን ውስጥ የሚሰጥ ፍርድ

ፊልም ቤት ውስጥ ታይቶ ሲያልቅ የሚሰነዘረው አስተያየት ብዙውን ጊዜ ከሁለትና ከሦስት ቃላት አያልፍም፤ «አሪፍ ነው»፣ «ቀሽም ነው»፣ «በጣም ተንዛዛ»፣ «መጨረሻውን አበላሹት» ይባልና ወሬው ወደ እራቱ ወይም ወደ ነገው ሥራ ይዞራል። ሐያስያን፣ ማለትም የኪነ ጥበብ ሥራን መዝነውና ተንትነው የሚጽፉ ሰዎች፣ እንዲህ ያለውን አስተያየት ከቁም ነገር አይቆጥሩትም፤ ስለ ፊልሙ ድርሰት፣ ስለ ምስሉም ሆነ ስለ ቅንብሩ የሚያስረዳው ነገር የለምና አይፈረድባቸውም። ይሁን እንጂ ይኸው አጭር ፍርድ በብዛት ተሰብስቦ ሲመረመር ስለ ፊልሙ ከሚናገረው ባላነሰ ፊልሙ ስለታየበት ቤት፣ ስለ ምሽቱና አብረው ስለተቀመጡት ሰዎች የሚናገር ሆኖ ይገኛል።

በአማርኛ ተናጋሪው ዘንድ ለፊልም ከሚሰጡት ምስጋናዎች መካከል «አስተማሪ ነው» የሚለው ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። ላፕቶፑን አልጋው ላይ ታቅፎ ብቻውን ፊልም የጨረሰ ወጣት ይህን ቃል ሲናገር እምብዛም አይሰማም፤ ቃሉ የሚወጣው ልጆች ምንጣፍ ላይ፣ ወላጆች ሶፋ ላይ፣ እንግዳ ካለም እንግዳው በክብር ቦታው ተቀምጠው ያዩት ፊልም ሲያልቅ ነው። በዚያን ሰዓት የሚመዘነው የታሪኩ ምክር ብቻ ሳይሆን ፊልሙ በዚያ ክፍል ውስጥ ማንንም ሳያሳፍር ማለፉ ጭምር ነው፤ መሳሳም ሊመጣ ነው ተብሎ ሲጠረጠር አስቀድሞ ሪሞቱን ያነሣው እጅም ከፈራጆቹ አንዱ ነው።

በሳሎን ውስጥ የሚሰጥ ፍርድ በቁጥር ተለክቶ ለምርምር የቀረበበት ታዋቂ አጋጣሚ የተፈጠረው በአሜሪካ ነው። ኔትፍሊክስ ፊልምን በኢንተርኔት ማሰራጨት ከመጀመሩ በፊት ሥራው ዲቪዲ በቀይ ፖስታ አሽጎ ወደ ደንበኞቹ ቤት መላክ ነበር፤ ደንበኛውም ያየውን ፊልም በኩባንያው ድረ ገጽ ላይ ከ1 እስከ 5 ኮከብ እየሰጠ ይመዝነው ነበር። ኩባንያው እነዚህን ኮከቦች እያነጻጸረ አንድ ሰው ገና ያላየውን ፊልም ምን ያህል እንደሚወደው የሚገምት ሲኒማች የተባለ የኮምፒውተር ሥርዓት ነበረው። እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2006 ይህን ግምት በ10 በመቶ ላሻሻለ 1 ሚሊዮን ዶላር እንደሚሸልም አስታውቆ ከ480 ሺህ በላይ ደንበኞች ለ17,770 ፊልሞች የሰጧቸውን ከ100 ሚሊዮን የሚበልጡ ምዘናዎች፣ የደንበኞቹን ስም ፍቆ ምዘናው የተሰጠበትን ቀን ግን ሳይነካ፣ ለተወዳዳሪዎች ይፋ አደረገ።

መለኪያው የግምት ስሕተት ነበር፤ ይህም ሥርዓቱ የገመተው ኮከብ ተመልካቹ በእርግጥ ከሰጠው ኮከብ በአማካይ ምን ያህል እንደራቀ በልዩ ቀመር የሚያሳይ ቁጥር ነው። ሲኒማች ወደ አንድ ኮከብ የሚጠጋ፣ 0.95 አካባቢ የሆነ ስሕተት ነበረበት። እ.ኤ.አ. በ2009 ሽልማቱን የወሰደው ሰባት አባላት ያሉት ቡድን ስሕተቱን ወደ 0.8567 ያወረደው ሲሆን፣ እኩል ውጤት ያመጣው ሌላ ቡድን ደግሞ ሥራውን በ20 ደቂቃ ዘግይቶ በማስገባቱ ባዶ እጁን ቀርቷል። ከብዙ አገር የመጡ የሒሳብና የኮምፒውተር ባለሙያዎች ሦስት ዓመት ያህል ለፍተው የቀነሱት ስሕተት የአንድ ኮከብ አንድ አሥረኛ ገደማ መሆኑ የሰው ምርጫ ምን ያህል አልጨበጥ ባይ እንደሆነ በራሱ ይናገራል።

ለዚህ ጽሑፍ ከሽልማቱ ይልቅ በመንገድ ላይ የተገኘው ነገር ይበልጣል። ከአሸናፊዎቹ አንዱ የሁዳ ኮረን ምዘናዎቹን ከተሰጡበት ቀን ጋር አያይዞ ሲመረምር የአንድ ደንበኛ ለጋስነት ከቀን ወደ ቀን እንደሚለዋወጥ አስተዋለ፤ ትናንት ለመካከለኛ ፊልም 4 የሰጠ እጅ ዛሬ ለተመሳሳዩ 3 ይሰጣል። ለዚህ ከቀረቡት ምክንያቶች አንዱ የዕለቱ ስሜት ሲሆን ሌላው ይበልጥ ቤተኛ ነው፤ አንድ የደንበኝነት ስም የቤተሰቡ ሁሉ ስለሆነ ሰኞ ኮከብ የሰጠው አባት፣ ማክሰኞ የሰጠችው ደግሞ ልጁ ልትሆን ትችላለች። ከዚህም በላይ አንድ ሰው በአንድ ቀን ብዙ ፊልሞችን በጅምላ ሲመዝን የሚሰጠው ፍርድ አንዱን ፊልም ብቻ ሲመዝን ከሚሰጠው ይለያል፤ በጅምላ የሚመዝነው አብዛኛውን ቀደም ሲል ያየውን ስለሚሆን የሚያስታውሰው በጣም የወደደውን ወይም በጣም የጠላውን ነው፤ መካከለኛው ፊልም ከአእምሮው ተንኖ ጠፍቷል። ትናንት ማታ የታየ ፊልምና ከዓመት በፊት የታየ ፊልም በአንድ ሚዛን ላይ አይቀመጡም ማለት ነው።

ተወዳዳሪዎቹን ካስቸገሩት ፊልሞች መካከል ስሙ የገነነው እ.ኤ.አ. በ2004 የወጣው ናፖሊዮን ዳይናማይት ነው። በአይዳሆ ክፍለ ግዛት ባለች ትንሽ ከተማ ስለሚኖር፣ አፉን ከፍቶ ስለሚያንጎላጅ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ የሚተርክ፣ ይህ ነው የሚባል ሴራ የሌለው ኮሜዲ ነው። ሌላው ምርጫቸው መንታ እስኪመስል የሚመሳሰል ሁለት ሰዎች ይህን ሲያዩ አንዱ 5፣ ሌላው 1 ይሰጡታል፤ የትኛው የትኛውን እንደሚሰጥ ደግሞ ቀመሩ ሊያውቅ አልቻለም። በየቤቱ «ይሄ ምኑ ያስቃል?» በሚል ሰውና እንባው እስኪፈስ በሚስቅ ወንድሙ መካከል የሚነሣው ክርክር ዳኛ የሌለው መሆኑን ከዚህ በላይ የሚያስረዳ ማስረጃ ማግኘት ያስቸግራል።

«መጨረሻውን አበላሹት» የሚለው ክስም የራሱ ጥናት አለው። የሥነ ልቦና ተመራማሪው ዳንኤል ካኔማንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1993 ባሳተሙት ሙከራ ሰዎች እጃቸውን በጣም በቀዘቀዘ ውኃ ውስጥ አንድ ጊዜ ለ60 ሰከንድ፣ ሌላ ጊዜ ደግሞ ለ60 ሰከንድና በጥቂቱ ሞቅ ባለ ውኃ ለተጨማሪ 30 ሰከንድ እንዲያቆዩ ተደረገ። አንዱን እንዲደግሙ ሲጠየቁ አብዛኞቹ ረጅሙን መረጡ፤ ሥቃዩ ቢበዛም ፍጻሜው የተሻለ ነበርና። የሰው ትዝታ ያለፈበትን ጊዜ ሁሉ ደምሮ አይመዝንም፤ ስሜቱ የናረበትን ቅጽበትና ማብቂያውን ይዞ ይፈርዳል። ስለዚህ ሁለት ሰዓት ሙሉ ሲያስደስት የቆየ ፊልም በመጨረሻዎቹ አምስት ደቂቃዎች ሲዝረከረክ «ጊዜዬን አባከነብኝ» የሚል ሰው፣ ምንም እንኳ ሒሳቡ ትክክል ባይሆን፣ ስለ ትዝታው እውነቱን ተናግሯል።

ከሰው ወደ ዕቃው ስንመጣ ደግሞ ጥፋቱ የቴሌቪዥኑ ሆኖ ሳለ ፊልሙ የሚወቀስበት ጊዜ ጥቂት አይደለም። የሲኒማ ቤት ድምፅ የሚቀነባበረው በአዳራሹ ዙሪያ ለተደረደሩ ብዙ ድምፅ ማጉያዎች ሲሆን ንግግሩ በአብዛኛው ከመሐለኛው፣ ከስክሪኑ በስተጀርባ ካለው ይወጣል፤ ያ ሁሉ በስስ ቴሌቪዥን ሥር ወይም ጀርባ በተሸጎጡ ሁለት ትንንሽ ማጉያዎች ታጭቆ ሲመጣ ሹክሹክታው ይጠፋና ፍንዳታው ሕፃን ይቀሰቅሳል። «ምን አለ?» እየተባባለ ፊልሙን የጨረሰ ቤተሰብ «ተዋንያኑ ያጉተመትማሉ» ብሎ ቢፈርድ የሚገርም አይሆንም። ሌላው ጥፋት በአዳዲስ ቴሌቪዥኖች ላይ የሚገኘው እንቅስቃሴን ማለስለሻ ነው። ፊልም በልማድ በሰከንድ በ24 ነጠላ ምስሎች ይቀረጻል፤ ማለስለሻው በእነዚህ መካከል ያልተቀረጹ ምስሎችን ራሱ ፈጥሮ እየጨመረ ውድ የሆነውን ፊልም ሁሉ በርካሽ ስቱዲዮ የተቀረጸ ተከታታይ ድራማ ያስመስለዋል። ተዋናዩ ቶም ክሩዝ እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2018 ከዳይሬክተር ክሪስቶፈር ማኳሪ ጋር ሆኖ ተመልካቾች ይህን ማስተካከያ እንዲያጠፉ በቪዲዮ እስከ መለመን የደረሰው በዚሁ የተነሣ ነው።

ትርጉም ሲጨመርበት ነገሩ ይበልጥ ይወሳሰባል። ካና ቴሌቪዥን በ2008 ዓ.ም. ሥራ ጀምሮ የቱርክንና የሌሎች አገሮችን ድራማዎች በአማርኛ ድምፅ ሲያቀርብ፣ ተመልካቹ «ሲናገር ደስ ይላል» ብሎ የሚያደንቀው ሰው ፊቱ ከኢስታንቡል፣ ድምፁ ከአዲስ አበባ የመጣ የሁለት ባለሙያዎች ሥራ ሆነ። በሌላ በኩል በቪዲዮ ቤት ያደገው ትውልድ «አክተር» የሚለውን የውጭ ቃል ማንኛውም ተዋናይ ከማለት አውጥቶ መሪ ገጸ ባሕርዩን፣ ያውም የማይሞተውን ጀግና ብቻ እንዲያመለክት አድርጎታል፤ «አክተሩ ሞተ» ተብሎ የሚነገረው ፊልም በአንድ ዓረፍተ ነገር ተከሷልም፣ ተፈርዶበታልም።

የቤት ውስጥ እይታ ክፉኛ የሚጎዳው ግን ጸጥታን የሚጠይቀውን ሥራ ነው። የኃይሌ ገሪማ «ጤዛ» እ.ኤ.አ. በ2008 በቬኒስ የፊልም ፌስቲቫል የዳኞችን ልዩ ሽልማት አግኝቷል፤ ታሪኩ ከጀርመን ወደ ትውልድ መንደሩ የተመለሰውን ሐኪም አንበርብርን ተከትሎ በትዝታ ከገጠር ወደ አዲስ አበባ፣ ከአዲስ አበባ ወደ ጀርመን ይመላለሳል፤ እግሩን ያጣበት ምክንያትም የሚገለጠው ዘግይቶ ነው። በሲኒማ አዳራሽ ጨለማ ውስጥ የተቀመጠ ሰው ይህን ፈትል አይስተውም። ቡና ለማፍላት ተነሥቶ፣ ስልክ አንሥቶ፣ በሩን ከፍቶ የተመለሰ ሰው ግን መንደር ውስጥ የተወውን አንበርብርን ጀርመን ያገኘውና «ከባድ ፊልም ነው» ይላል። ይህ ቃል ስለ ፊልሙ ሐሰት አይደለም፤ ስለ ቡናው ግን ዝም ብሏል።

በአንጻሩ በአዳራሽ ከስሮ በሳሎን የነገሠም አለ። የፍራንክ ዳራቦንት ሻውሻንክ ሪደምፕሽን እ.ኤ.አ. በ1994 ሲወጣ ወደ 25 ሚሊዮን ዶላር የሚጠጋ ወጪ ወጥቶበት በመጀመሪያው ዙር ያስገባው 16 ሚሊዮን ገደማ ነበር፤ ለኦስካር በሰባት ዘርፎች ታጭቶም አንዱንም አላገኘም። ከዚያ በኋላ በኪራይ ካሴትና በተደጋጋሚ የቴሌቪዥን ሥርጭት ከቤት ወደ ቤት ዞሮ፣ ተራ ተመልካቾች ነጥብ በሚሰጡበት በአይኤምዲቢ ሰንጠረዥ አናት ላይ ለዓመታት ተቀመጠ። የረጅም እስር ታሪክን ተሰብስቦ፣ ከመካከሉ ጀምሮም ቢሆን፣ ደጋግሞ ማየት የሚቻለው ቤት ውስጥ ነውና የሳሎኑ ችሎት ይግባኝ ሰሚ ሆኖለታል።

ኔትፍሊክስ እ.ኤ.አ. በ2017 አምስቱን ኮከቦች አንሥቶ በአውራ ጣት ምልክት ተካቸው፤ ሰዎች ለቁም ነገር ዘጋቢ ፊልም ብዙ ኮከብ እየሰጡ ማታ ማታ የሚከፍቱት ቀለል ያለውን ኮሜዲ መሆኑ ታውቆ ነበር። ለሽልማቱ ይፋ የሆኑት የቆዩ ኮከቦች ግን ሌላ ነገር አወጡ። በኦስቲን ቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ የነበሩት አርቪንድ ናራያናንና ቪታሊ ሽማቲኮቭ፣ ስም የተፋቀላቸውን እነዚያን ምዘናዎች ሲመረምሩ፣ አንድ ሰው ስለ ስምንት ፊልሞች የሰጠውን ፍርድ የሚያውቅ ሌላ ሰው፣ ሁለቱ ፈጽሞ የተሳሳቱ ቢሆኑና ቀኖቹም እስከ 14 ቀን ቢዛነፉ እንኳ፣ ከዝርዝሩ ውስጥ 99 በመቶ የሚሆኑትን መዝገቦች ለይቶ ማውጣት እንደሚችል አሳዩ። በእራት ሰዓት ለሥራ ባልደረባ «ያንን አየሁት፣ አልወደድኩትም» ተብሎ የሚጣል ወሬ ለዚህ ይበቃል። በዚሁ የደንበኞች ምስጢር ጉዳይ ክስ ተመሥርቶበት የነበረው ኔትፍሊክስም ያቀደውን ሁለተኛ ውድድር እ.ኤ.አ. በ2010 ሰረዘው።