መምህሩና ፕላዝማው

በ1990ዎቹ ማብቂያ በኢትዮጵያ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የተጀመረውና በተለምዶ «ፕላዝማ» እየተባለ የሚጠራው የሳተላይት ቴሌቪዥን ትምህርት፣ ቴክኖሎጂን ወደ መማሪያ ክፍል ለማስገባት በአገሪቱ ከተደረጉት ሙከራዎች እጅግ ሰፊ ከሚባሉት አንዱ ነበር። በእንግሊዝኛ የተዘጋጀው ትምህርት ከአንድ ማዕከል ለሁሉም ክፍሎች በአንድ ጊዜ ሲሰራጭ፣ መምህሩ በመጀመሪያዎቹ ጥቂት ደቂቃዎች ርእሱን እንዲያስተዋውቅ፣ በመጨረሻዎቹም እንዲያጠቃልል ይጠበቅ ነበር፤ የቀረው የክፍለ ጊዜው ሰፊ ድርሻ የስክሪኑ ሆነ። ተማሪ ሲጠይቅ ስርጭቱን ማቆም፣ መብራት ሲጠፋም ያመለጠውን መመለስ ስለማይቻል፣ መምህሩ የትምህርቱን ፍጥነት የመወሰን ሥልጣኑን አጣ። ብቁ መምህር ያልተዳረሰበትን ክፍል ለመደገፍ የታሰበው ዘዴ፣ ብቁ የሆነውንም መምህር ቴሌቪዥን ወደ መክፈትና መዝጋት አወረደው።

ለዚህ ውጤት ብዙውን ጊዜ የመብራት መቆራረጥና የእንግሊዝኛው ፍጥነት በምክንያትነት ይነሳሉ፤ ሁለቱም እውነት ናቸው። ይሁንና መብራቱ ሳይቋረጥ በዋለበት ክፍልም ቢሆን፣ መምህሩ መሣሪያውን ለራሱ የማስተማሪያ ዓላማ የሚያውልበት ዕድል አልተተወለትም። ለመምህራን በሚሰጡ የኮምፒውተር ሥልጠናዎችም ተመሳሳይ ጉድለት ይስተዋላል፤ ሠልጣኙ መተየብ፣ በኤክሴል ሮስተር መሥራትና ስላይድ ማዘጋጀት ይማራል፤ ይህም የወረቀት ሥራውን ያቀልለታል እንጂ ኬሚስትሪን ወይም ሒሳብን በተሻለ እንዴት እንደሚያስተምር አያሳየውም።

አሜሪካዊው የትምህርት ምሁር ሊ ሹልማን እ.ኤ.አ. በ1986 ባሳተመው ጽሑፍ፣ አንድን ትምህርት ማወቅና ያንኑ ለተማሪ በሚገባው መንገድ ማቅረብ የተለያዩ መሆናቸውን አስረድቶ፣ ሁለቱ የሚገናኙበትን የመምህር የሙያ ዕውቀት ለይቶ አሳይቷል። ከ20 ዓመት በኋላ ፑንያ ሚሽራና ማቲው ኮለር በዚህ ላይ ቴክኖሎጂን ጨምረው «ቲፓክ» የተባለውን ማዕቀፍ አቀረቡ፤ ፍሬ ነገሩም የመሣሪያ፣ የይዘትና የማስተማር ዘዴ ዕውቀቶች ተነጣጥለው ከተሰጡ ክፍል ውስጥ በራሳቸው አይዋሐዱም የሚል ነው።

የኤሌክትሪክ ዑደትን የሚያስተምር የፊዚክስ መምህር ለዚህ ጥሩ ማሳያ ይሆናል። ብዙ ተማሪዎች ኮረንት በአምፖል ውስጥ ሲያልፍ ከፊሉ እዚያው የሚያልቅ ይመስላቸዋል። በኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ2002 የተጀመረው «ፌት» በነፃ የሚገኝ የሲሙሌሽን፣ ማለትም ተፈጥሯዊ ሂደትን በስክሪን ላይ አስመስለው የሚያሳዩና በተጠቃሚው ትእዛዝ የሚለዋወጡ ፕሮግራሞች፣ ስብስብ ሲሆን፣ አስቀድሞ ከወረደ ያለ ኢንተርኔትም ስለሚሠራ አንድ ላፕቶፕና አንድ ፕሮጀክተር ለሙሉ ክፍል ይበቃሉ። መምህሩ በፌት ዑደቱን ሠርቶ ቢያሳይ ብቻ ተማሪዎቹ አይተው ያልፋሉ፤ ከአምፖሉ በፊትና በኋላ ያለው ኮረንት እኩል ይሆን እንደሆነ አስቀድሞ ጠይቆ፣ ግምታቸውን በደብተራቸው አስጽፎና አከራክሮ፣ ከዚያ በስክሪኑ ላይ ባለው አሚተር ሁለቱንም ቦታ ቢለካላቸው ግን የተሳሳተው ግምት ራሱ የትምህርቱ መነሻ ይሆናል። ፕሮግራሙን ማንቀሳቀስ በአንድ ከሰዓት በኋላ ይለመዳል፤ የሚከብደው ጥያቄውን መምረጥ ነው።

እንዲህ ያለው ችሎታ ከአዳራሽ ንግግር አይገኝም። ብሩስ ጆይስና ቤቨርሊ ሻወርስ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ባቀረቧቸው ሥራዎች፣ ንድፈ ሐሳብና ሠርቶ ማሳያ ብቻቸውን ወደ ክፍል እምብዛም እንደማይዘልቁ፣ አዲስ ዘዴ የሚሰርጸውም የሥራ ባልደረባ ክፍል ገብቶ እየተመለከተ ሲያግዝ መሆኑን አስረድተዋል። ለዚህ በኢትዮጵያ አዲስ መዋቅር መፍጠር አያሻም፤ መምህራን ሲፒዲ የሚሉት ተከታታይ የሙያ ማሻሻያ ለእያንዳንዱ መምህር በዓመት 60 ሰዓት ይመድባል፤ ትምህርት ቤቶችም በጉድኝት ማዕከላት ተደራጅተዋል። ሰዓቱ ፎርም በመሙላት ከሚያልቅ (እንዲህ መሆኑ እንግዳ አይደለም) የአንድ ዲፓርትመንት መምህራን አንድ አስቸጋሪ ርእስ መርጠው በጋራ ቢያዘጋጁ፣ አንዱ ሲያስተምር ሌሎቹ ተመልክተው ቢነጋገሩበትና በሌላ ሴክሽን አሻሽለው ቢደግሙት ይሻላል።

ከዚህ ሁሉ የሚቀድም አንድ ተራ ጉዳይ አለ፤ ፕሮጀክተሩን በፊርማ የተረከበ መምህር ዕቃው ቢበላሽ ከደመወዙ የሚቆረጥበት ከመሰለው፣ ከስቶር ባያወጣው አይፈረድበትም። ስለዚህ ርእሰ መምህሩ በመደበኛ አገልግሎት ወቅት ለሚደርስ ብልሽት መምህሩ በግሉ እንደማይጠየቅ፣ ከሥልጠናው አስቀድሞ በጽሑፍ ሊያሳውቅ ይገባል።