የመከላከያ ሕዋሳት መልእክትና የሻህኝ ቁስል

ስለ ሰውነት መከላከያ በሚሰጥ ትምህርት ነጭ የደም ሕዋሳት ወትሮ በወታደር ይመሰላሉ። ምሳሌው ለማስታወስ ቢያመችም የነገሩን ግማሽ ይሰውራል፤ ጦር ያለ መልእክተኛ እንደማይዘምት ሁሉ ሕዋሳትም ሳይነጋገሩ ሰውነትን ሊከላከሉ አይችሉምና።

ከመልእክቱ ከፊሉ የሚጓዘው ሕዋሳት ወደ ውጭ በሚለቋቸው እጅግ ጥቃቅን ኪሶች ነው። ከእነዚህ ኤክሶሶም የሚባሉት ከ30 እስከ 150 ናኖሜትር ገደማ ስፋት አላቸው፤ ናኖሜትር ማለት የአንድ ሚሊሜትር አንድ ሚሊዮንኛ እጅ ነው። በ1983 እ.ኤ.አ. በካናዳ የማክጊል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዋ ሮዝ ጆንስቶንና ባልደረባቸው ገና ያልበሰሉ የበግ ቀይ የደም ሕዋሳትን ሲመረምሩ፣ ሕዋሱ የማያስፈልገውን ፕሮቲን በኪሶቹ ሲያወጣ ተመለከቱ። ስለዚህ ኪሶቹ ለብዙ ዓመታት እንደ ጥራጊ ተቈጠሩ። በ1996 እ.ኤ.አ. ግን ግራሳ ራፖሶና ባልደረቦቻቸው ቢ ሊምፎሳይት የሚለቃቸው ኪሶች የባዕዱን አካል ቁራሽ በገጻቸው ተሸክመው ቲ ሊምፎሳይትን እንደሚያነቃቁ አሳዩ።

ነገሩ ለወሎ መምህር ሩቅ አይደለም። ከአምባ መቅደላ እስከ መካነ ሰላም ያለው አገር ገደላገደል የበዛበት ነው። በኢትዮጵያ ደጋ እንዲህ ያለው ስፍራ ለሽኮኮ መኖሪያ ይመቻል፤ ሽኮኮም ሌይሽማኒያ ኤቲዮፒካ የተባለውን ጥገኛ ተሕዋስ ይሸከማል። የአሸዋ ዝንብ ተሕዋሱን ወደ ሰው ስታደርሰው፣ በወሎ ሻህኝ፣ በጎጃምና በጎንደር ቁንጭር የሚባለው የቆዳ ቁስል ይወጣል።

ተሕዋሱ የሚሸሸገው ሊውጠው በመጣው ማክሮፋጅ በተባለው የመከላከያ ሕዋስ ውስጥ መሆኑ ያስደንቃል። ይህን እንዴት ይችለዋል? በ2015 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት እንዳመለከተው፣ የዚሁ ተሕዋስ ዘመድ የሆነው ሌይሽማኒያ ሜጀር ገና በዝንቧ አንጀት ውስጥ ሳለ ኤክሶሶም ይለቃል፤ ዝንቧ ስትነክስም ኪሶቹ አብረው ወደ ቆዳ ይገባሉ፤ በአይጥ ላይም ቁስሉን ያባብሳሉ። በውስጣቸው ያለው ጂፒ63 የተባለ ፕሮቲን የማክሮፋጁን የመልእክት መስመር ያውካል። ጠላት በሐሰተኛ ማኅተም ደብዳቤ እንደሚልክ ያህል ነው። በዘመዱ የታየውን ሁሉ ለኢትዮጵያው ዝርያ እንዳለ መስጠት ግን አይገባም።

ቁስሉ ብዙውን ጊዜ ፊት ላይ ስለሚወጣና ወራት፣ አንዳንዴም ዓመታት ስለሚቆይ ተማሪው ይሸማቀቃል፤ ጓደኞቹም ይሸሹታል። ይሁንና አብሮ በመቀመጥ ወይም ደብተር በመዋዋስ አይተላለፍም። ሕክምናው በደሴ አጠገብ በሚገኘው በቦሩ ሜዳ ሆስፒታል ይሰጣል። ከመካነ ሰላም እዚያ ድረስ መመላለስ ለገበሬ ቤተሰብ ቀላል ወጪ ስላልሆነ፣ ዕቅድ አውጪዎች ለታማሚ ተማሪ የሚፈቀደውን የቀሪ ቀን ሲወስኑ መንገዱን ጭምር ማስላት ይኖርባቸዋል።