ውሳኔን የሚያሳስቱ የአመክንዮ ሕጸጾች

በስብሰባም ሆነ በሪፖርት የሚቀርብ ክርክር ለጆሮ የሚጥም ሆኖ ሳለ፣ ከማስረጃው ወደ መደምደሚያው የተደረሰበት መንገድ የተሳሳተ ሊሆን ይችላል። እንዲህ ያለው ጉድለት የአመክንዮ ሕጸጽ ይባላል። ሕጸጹ በጊዜ ካልተለየ በጀትና የሰው ኃይል ችግሩ ወደሌለበት ቦታ ሊያመሩ እንደሚችሉ የመተማና የአካባቢው ቆላ ወረዳዎች ሁኔታ ያስረዳል።

ከተለመዱት ሕጸጾች አንዱ የሁለት ነገሮችን በአንድ ወቅት መከሰት አንዱ የሌላው መንሥኤ ለመሆኑ ማረጋገጫ አድርጎ መውሰድ ነው። በምዕራብ ጎንደር ዞን ሰሊጥ በሚሰበሰብበት ወቅት ከደጋና ከወይና ደጋ በርካታ የጉልበት ሠራተኞች ወደ እርሻዎቹ ይወርዳሉ። ወባም የሚበረታው በዚሁ ወቅት ነው። ከዚህ ብቻ ተነሥቶ «በሽታውን ያመጡት ሠራተኞቹ ናቸው» ማለት ግን ስህተት ነው። ክረምቱ ሲወጣ ያቆረው ውኃ ለወባ ትንኝ መራቢያ ይሆናል፤ ከደጋ የመጣው ሠራተኛም በሽታውን የመቋቋም አቅሙ አነስተኛ ከመሆኑ በላይ በእርሻው ሜዳ ላይ ስለሚያድር በቀላሉ ይጠቃል። ሠራተኛውን ጥፋተኛ ያደረገ ዕቅድ አጎበር ሊደርሰው የሚገባው እርሱ መሆኑን ይዘነጋል።

ሁለተኛው ከተወሰነ ልምድ ተነሥቶ በሁሉም ላይ መደምደም ነው። ካላዛር በአሸዋ ዝንብ የሚተላለፍና ካልታከመ ለሞት የሚዳርግ በሽታ ሲሆን፣ በመተማና በሁመራ ቆላዎች ለረጅም ጊዜ ሲታወቅ ቆይቷል። በዚህም ምክንያት የቆላ በሽታ ብቻ ተደርጎ ይታሰብ ነበር። ይሁንና በ1997 ዓ.ም. በደቡብ ጎንደር ዞን ሊቦ ከምከም ወረዳ፣ ቀድሞ በማይታወቅበት ከፍተኛ ስፍራ፣ የካላዛር ወረርሽኝ መከሰቱ ተረጋገጠ። ከዚያ በፊት ሕሙማኑ መድኃኒት የተላመደ ወባ እንደያዛቸው ተቆጥሮ ነበር። «እስካሁን አልታየም» ማለት «ሊኖር አይችልም» ማለት እንዳልሆነ ክስተቱ አሳይቷል።

ሦስተኛው ምርጫን ያለ አግባብ በሁለት መወሰን ነው። ስለ ድንበር ንግድ ሲነሣ «ወይ ኬላው ይዘጋ፣ ወይ ኮንትሮባንድን እንቀበል» የሚል ክርክር ለዚህ ምሳሌ ይሆናል። በሁለቱ መካከል ግን የጉምሩክ ፍተሻን ማጠናከርና ሕጋዊውን ነጋዴ በፍጥነት ማስተናገድን የመሰሉ አማራጮች አሉ።

አራተኛው ሐሳቡን ትቶ ተናጋሪውን መንቀፍ ነው። «ይህ ሰው የአካባቢው ተወላጅ አይደለም» መባሉ ሰውየው ያቀረበውን መረጃ ሐሰት አያደርገውም።

ስለሆነም ማንኛውም ኃላፊ ውሳኔ ከማሳለፉ በፊት ለተባለው ነገር ሌላ መንሥኤ ይኖር እንደሆነ፣ ማስረጃው ለመደምደሚያው በቂ መሆኑን፣ እንዲሁም ያልተነሣ አማራጭ መኖር አለመኖሩን መጠየቅ ይገባዋል። ጥያቄዎቹ የሚወስዱት ጊዜ ጥቂት ነው፤ በተሳሳተ መደምደሚያ ላይ የተመሠረተ ውሳኔ ግን ዳፋው የሚተርፈው ለኅብረተሰቡ ነው።